ከቤት ወደ ቤት፦ የሦስት ቀን የእግር ጉዞ ለጀማሪዎች



«የእግር ጉዞ ለዋግ ሰው ምን ትምህርት ያስፈልገዋል?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ እኛ አገር ገበያ የሚወጣው በእግር ነው፣ ወፍጮ ቤት የሚኬደው በእግር ነው፣ ደብር የሚሳለመውም በእግር ነው። ተማሪውም ደብተሩን በብብቱ ሸጉጦ ዳገቱን ወጥቶ፣ ቁልቁለቱን ወርዶ ነው ትምህርት ቤት የሚደርሰው። ይሁን እንጂ ከመካከላችን ከተማ ያደጉ አሉ፤ ገጠር ያደግነውም ብንሆን ከሰፈራችን ገበያ አልፈን የሄድነው ጥቂት ነው። ነገ ተመርቀን ስንወጣ ደግሞ አንዳንዶቻችን የምንመደበው መኪና ከሚቆምበት ቦታ የአንድና የሁለት ቀን መንገድ ርቆ በሚገኝ ቀበሌ ሊሆን ይችላል። እዚያም ከደረስን በኋላ ተማሪዎቻችንን ለመስክ ትምህርት ይዘን እንወጣለን። ስለዚህ እንዴት እንደሚኬድ፣ ምን ያህል እንደሚኬድ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የት እንደሚታደርና በማን ጓዳ እንደሚበላ ማወቁ የሙያችን አንዱ ክፍል ነው።

በዚህ ጽሑፍ ለጀማሪ የሚሆን የሁለት ወይም የሦስት ቀን ጉዞ እንዴት እንደሚታቀድ እንመለከታለን። ምሳሌዎቹን ከሂማልያ ግርጌ፣ ከመቄትና ከራሳችን ከደሃና እንወስዳለን።

ሀ/ ከቤት ወደ ቤት መሄድ ምን ማለት ነው?

የተራራ ጉዞ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ድንኳን፣ ምግብና ማብሰያ ተሸክሞ መሄድ ነው። ይህ ብዙ ጭነት፣ ብዙ ሰውና ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። ሁለተኛው ጠዋት ከአንድ ማደሪያ ተነሥቶ ማታ ሌላ ማደሪያ መድረስ ነው። ተጓዡ የሚይዘው ልብሱን፣ ውሃውንና ትንሽ ስንቅ ብቻ ነው። እራቱንና መኝታውን የሚያገኘው ከደረሰበት ቤት ነው። ለጀማሪ የሚመከረው ይህ ሁለተኛው ዓይነት ነው። ምክንያቱም ሸክሙ ቀላል ነው፤ ቢታመም ሰው አጠገቡ አለ፤ መንገድም ቢጠፋው የሚጠይቀው አያጣም።

በዚህ ዓይነት ጉዞ ላይ የቀኑን ርቀት የሚወስነው የተራራው ከፍታ ወይም የተጓዡ ጉብዝና አይደለም፤ በሁለቱ ማደሪያዎች መካከል ያለው መንገድ ነው። ማደሪያው በግማሽ ቀን የሚደረስ ከሆነ ጉዞው የጀማሪ ጉዞ ነው። ቀኑን ሙሉ ተኪዶ የማይደረስ ከሆነ ግን ተራራው ምንም አጭር ቢሆን የጀማሪ አይደለም።

ለ/ የሂማልያ ግርጌ ሻይ ቤቶች

ሂማልያ ሲባል ሁላችንም የምናስበው ኤቨረስትን ነው። ኤድመንድ ሂላሪና ቴንዚንግ ኖርጌይ እ.ኤ.አ. በ1953 ጫፉን የረገጡት እሱን ነው። ነገር ግን ወደ ኔፓል የሚሄደው መንገደኛ ሁሉ ኤቨረስት አይወጣም። አብዛኛው የሚሄደው በግርጌው፣ ገበሬው በሚኖርበት፣ እርከን በተሠራበት አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ጂሚ ሮበርትስ የተባለ ጡረታ የወጣ እንግሊዛዊ መኮንን ለእግር ተጓዦች የመጀመሪያውን ድርጅት በካትማንዱ አቋቋመ። በዚያን ጊዜ ጉዞው በድንኳንና በተሸካሚ ነበር።

ከዚያ በኋላ ግን ብልሃቱ የመጣው ከመንገድ ዳር ነው። በኔፓል ተራራዎች ነጋዴዎችና ጨው ጫኞች የሚያርፉባቸው ትንንሽ ሻይ ቤቶች ከጥንት ጀምሮ ነበሩ። የቤቱ እመቤት ሻይ ታፈላለች፣ ሩዝና ምስር ወጥ ትሠራለች፤ የመሸበትም እዚያው ያድራል። የውጭ አገር ሰዎች በብዛት መምጣት ሲጀምሩ እነዚሁ ሻይ ቤቶች ክፍል እየጨመሩ፣ አልጋ እየዘረጉ የተጓዥ ማደሪያ ሆኑ።

ለጀማሪዎች ከሚታወቁት መንገዶች አንዱ በአናፑርና አካባቢ የሚገኘው የጎሬፓኒና የፑን ሂል መንገድ ነው። ጉዞው ናያፑል ከሚባል 1,070 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው ቦታ ይጀምርና ጎሬፓኒ የሚባል 2,860 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው መንደር ይደርሳል። በማግሥቱ ገና ሳይነጋ 3,210 ሜትር ወደሆነው ፑን ሂል ወጥተው ፀሐይ በበረዶው ተራራ ላይ ስትወጣ ያያሉ። በመንገዱ ላይ በሺህ የሚቆጠር የድንጋይ ደረጃ አለ። ጉልበት ይፈትናል፤ ሆኖም በየሁለት ሰዓቱ ሻይ ቤት ስላለ ማንም ሰው በራሱ እርምጃ መሄድ ይችላል።

ከዚህ ሁለት ቁም ነገሮች እንማራለን። አንደኛ፣ በእነዚህ ቤቶች የመኝታ ዋጋ ርካሽ ነው፤ ባለቤቱ የሚያተርፈው ከምግቡ ነው። ስለዚህ ያደሩበት ቤት እራት መብላት የመንገዱ ደንብ ሆኗል። አንዱ ቤት ተኝቶ ሌላው ቤት የሚበላ ሰው እንደ ነውረኛ ይቆጠራል። ሁለተኛ፣ እንግዳ ሲበዛ ማገዶ አለቀ። ለማብሰያውና ለመታጠቢያ ውሃ ማሞቂያው ሲባል ጫካው ተመነጠረ። እ.ኤ.አ. በ1986 የአናፑርና አካባቢ ጥበቃ ፕሮጀክት ከተቋቋመ በኋላ ሻይ ቤቶቹ በኮሚቴ ተደራጅተው የምግብ ዋጋ በአንድነት መወሰን፣ በእንጨት ፋንታ ላምባና ሌላ ማገዶ መጠቀም ጀመሩ። እንግዳ ገንዘብ ያመጣል፤ የሚበላው እንጨትና የሚጠጣው ውሃ ግን የአገሩ ነው።

ሐ/ የመቄትና የላስታ ሙከራ

ይህ ነገር ለእኛ ሩቅ አይደለም። ከሰቆጣ ወደ ደቡብ ላስታን አልፎ፣ የተከዜን መነሻ ሸለቆ ተሻግሮ የመቄት ደጋ ይገኛል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ላይ «ተስፋ» በተባለ ድርጅት ድጋፍ የመቄት ገበሬዎች በገደሉ አፋፍ ላይ የሣር ክዳን ያላቸውን የእንግዳ ቤቶች ሠሩ። በኋላም ሥራው ወደ ላስታ፣ ወደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ተስፋፋ።

አሠራሩ ቀላል ነበር። እንግዳው የሚቀበለው በአንድ ሰው ሳይሆን በአካባቢው ነዋሪ ኅብረት ነው። አንዱ ያበስላል፣ አንዱ ውሃ ይቀዳል፣ አንዱ ሌሊት ይጠብቃል፤ ሥራው በየተራ ነው። የእንግዳው ሻንጣ በአህያ ይጫናል፤ መንገድ መሪም አብሮ ይሄዳል። ገቢው ለሠራተኛው ደመወዝና ለኅብረቱ ሣጥን ይከፋፈላል። እንግዳው ጥቂት ስለሆነ መንደሩን አያጨናንቅም። መንገዱ አብዛኛውን ጊዜ አፋፍ አፋፉን የሚሄድና ሜዳ ስለሆነ ደጋ ላይ ሄዶ የማያውቅ ሰው እንኳ ይችለዋል። ጉዞውን ላስረዘመ ሰው ደግሞ አቡነ ዮሴፍ ላይ ጅብራና አስታ፣ ጭላዳ ዝንጀሮ፣ ዕድል ከቀናውም ቀይ ቀበሮ ያያል።

ይህ ሥራ ግን በሰላም ላይ የቆመ ነበር። መጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ አገራችን ሲገባ የእንግዳው መንገድ ተዘጋ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ ጦርነቱ ላስታና ዋግ ድረስ ዘለቀ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮም በክልላችን ሌላ ግጭት ተነሣ። እንግዳ ለቀረበት መንደር አህያ የሚጭነውም፣ እንጀራ የምትጋግረውም አብረው ሥራ አጡ። ስለሆነም በማንኛውም ጊዜ ጉዞ ከማሰባችሁ በፊት የመጀመሪያው ጥያቄ የአየሩ ሁኔታ ሳይሆን የመንገዱ ሰላም ነው። ይህም የሚጠየቀው ወረዳው፣ ቀበሌውና ከዚያ አገር የመጣ ገበያተኛ ነው። ሦስቱም «ደኅና ነው» ካላሉ አይኬድም።

መ/ የአገራችን አቀማመጥ

ዋግ ኽምራ ከሞላ ጎደል ሁሉም የአየር ጠባይ ያለበት አገር ነው። በተከዜ በኩል ያሉት የዝቋላና የአበርገሌ ዝቅተኛ ቦታዎች ከ1,500 ሜትር በታች የሆነ ቆላ ናቸው። የሰቆጣ ከተማ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ በወይና ደጋ ትገኛለች። የደሃና ወረዳ ዋና ከተማ አምደወርቅ ነው። በዚሁ በደሃና የሚገኘው የቢያላ ተራራ 3,810 ሜትር ከፍታ ስላለው ውርጭ ከሚባለው ክፍል ይመደባል።

ይህ ማለት በደሃና የሁለት ቀን መንገድ የሄደ ሰው በጂኦግራፊ መጽሐፍ የተሣሉትን የአየር ጠባይ ክልሎች በእግሩ ይረግጣቸዋል ማለት ነው። ቆላው ማሽላ፣ ወይና ደጋው ጤፍ፣ ደጋው ገብስና ባቄላ ያሳየዋል። መምህር በሰሌዳ ላይ ሦስት ክፍለ ጊዜ ከሚያስረዳው ይልቅ አንድ ዳገት የበለጠ ያስተምራል።

ለመጀመሪያ ልምምድ ግን ሩቅ አትሂዱ። ሰቆጣ ለምንገኝ ሰዎች ጥሩው መለማመጃ ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ ነው። ከከተማው ብዙ የማይርቅ፣ ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ሲሆን የጥንት የዋግ ሹሞች አስከሬን የሚገኝበት ነው። ደርሶ መልስ በእግር ሄዳችሁ ጫማችሁን፣ ትከሻችሁንና ትንፋሻችሁን ፈትኑ። በማግሥቱ ጉልበታችሁ ካልታመመ ለሁለት ቀን ጉዞ ደርሳችኋል ማለት ነው።

ሠ/ የእርምጃ ስሌት

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። ዊሊያም ናይስሚዝ የተባለ የስኮትላንድ ተራራ ወጪ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው ደንብ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ለ5 ኪሎ ሜትር 1 ሰዓት ይታሰባል፤ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር አቀበት ደግሞ 1 ሰዓት ይጨመራል። ይህ ግን ለለመደ ሰው ነው። ለጀማሪ፣ በዚያ ላይ ደጋ ላይ፣ በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ማሰብ ይሻላል። ለዕረፍትና ለምሳ ደግሞ የጠቅላላውን ሲሶ እንጨምርበት።

ምሳሌ፦ የሦስት ቀን ጉዞ

1ኛ ቀን፦ 10 ኪሎ ሜትር፣ አቀበቱ 400 ሜትር። 10 ለ4 ሲካፈል 2 ሰዓት ተኩል፤ ለአቀበቱ 40 ደቂቃ፤ ድምሩ 3 ሰዓት ከ10። ሲሶው ሲጨመር 4 ሰዓት ከሩብ ገደማ ይሆናል። ጠዋት 1 ሰዓት የተነሣ ሰው ከቀኑ 5 ሰዓት ከሩብ ይደርሳል።

2ኛ ቀን፦ 14 ኪሎ ሜትር፣ አቀበቱ 300 ሜትር። 3 ሰዓት ተኩልና 30 ደቂቃ 4 ሰዓት ነው። ሲሶው ሲጨመር 5 ሰዓት ከ20 ይሆናል። ጠዋት 1 ሰዓት የተነሣ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ20 ይደርሳል።

3ኛ ቀን፦ 10 ኪሎ ሜትር፣ 700 ሜትር ቁልቁለት። 2 ሰዓት ተኩል፤ ከሲሶው ጋር 3 ሰዓት ከ20። ነገር ግን ቁልቁለት ነው ብላችሁ አትሩጡ። ጉልበት የሚያመው፣ ቁርጭምጭሚትም የሚወለመው ሲወርዱ ነው።

እንደምታዩት የመጀመሪያው ቀን አጭር፣ ረጅሙ ቀን መካከለኛው፣ የመጨረሻውም እንደገና አጭር ነው። ጀማሪን የሚያደክመው በመጀመሪያው ቀን ጉብዝናውን ላሳይ ማለቱ ነው። ማደሪያችሁም ቢዘገይ ቢዘገይ ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት መደረስ አለበት። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ለመንገድ መጥፋት፣ ለታመመ ጓደኛና ለድንገተኛ ዝናብ የተቀመጠ መጠባበቂያ ነው።

አገሬውን መንገድ ስትጠይቁ ደግሞ አንድ ነገር አስተውሉ። የእኛ ገበሬ «እዚችው ናት» ካለ በእሱ እርምጃ ነው። ስለዚህ «ስንት ኪሎ ሜትር ነው?» አትበሉት። «ከዚህ ጠዋት የተነሣ ጭነት ያለው አህያ መቼ ይደርሳል?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱ ያኔ ለእናንተም ይሆናል።

ረ/ ከፍታና ሰውነት

ወደ ላይ በወጣን ቁጥር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል። በ3,800 ሜትር ላይ ያለው ግፊት ከባሕር ወለል ግፊት ሲነጻጸር ሲሶ ያህል ጎድሏል። በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ከ2,500 ሜትር ጀምሮ ለደጋ አዲስ የሆነ ሰው የከፍታ ሕመም ሊይዘው ይችላል። ምልክቶቹ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ እንቅልፍ ማጣትና ድካም ናቸው። ቀላል ከሆነ እዚያው ማረፍና ተጨማሪ ከፍታ አለመውጣት ይበቃል። እየባሰ ከሄደ፣ የታመመው ሰው እንደ ሰከረ ከተንገዳገደ፣ ወይም ተቀምጦም ትንፋሽ ካጠረው ሌሊትም ቢሆን ወደ ታች መውረድ ብቻ ነው መድኃኒቱ። ከ3,000 ሜትር በላይ ደግሞ የዛሬው መኝታ ከትናንቱ መኝታ ከ500 ሜትር በላይ ባይበልጥ መልካም ነው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ተረት ለደጋ መንገድ የተተረተ ነው የሚመስለው።

ሙቀቱም እንዲሁ ነው። በየ1,000 ሜትሩ ከ6 እስከ 7 ዲግሪ ይቀንሳል። ከሰቆጣ እስከ ቢያላ ጫፍ ያለው ልዩነት 1,600 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ሰቆጣ 20 ዲግሪ ሲሆን እዚያ ላይ 10 ያህል ነው ማለት ነው፤ ነፋሱ ሳይቆጠር። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ደጋው ላይ ውርጭ ይጥላል።

ሌላም የሳይንስ ትምህርት አለ። ግፊት ሲቀንስ ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። በ3,000 ሜትር ላይ በ90 ዲግሪ ገደማ ይንተከተካል። ደጋ ላይ ባቄላ ቶሎ የማይበስለው በዚህ ምክንያት ነው። የሚጠጣ የምንጭ ውሃም ከ2,000 ሜትር በላይ ሲሆን ከተንተከተከ በኋላ ቢያንስ 3 ደቂቃ መቆየት አለበት።

ሰ/ ስንቅና ልብስ

ጊዜው ከጥቅምት እስከ ጥር ቢሆን ይመረጣል። ክረምቱ አልፏል፤ ጭቃው ደርቋል፤ ወንዙ ጎድሏል፤ እህሉም ደርሷል። የሚያዘው ነገር ከዚህ አይበልጥ፦

1. የለመደ ጫማ። አዲስ ጫማ ገዝቶ በማግሥቱ መንገድ መውጣት እግርን ውሃ ያስቋጥራል። ኮንጎ ጫማ ለቆላ ይሆናል፤ ለደጋ ግን ካልሲ የሚያስገባ የሸራ ወይም የቆዳ ጫማ ይሻላል።
2. ጋቢና ሹራብ። ቀን ቢሞቅም አይቀርም።
3. ሁለት ሊትር የሚይዝ ኮዳ ወይም ጠርሙስ።
4. ቆሎ፣ በሶ፣ ጥቂት ስኳርና ጨው።
5. ዱላ። ለቁልቁለትም ለውሻም ነው።
6. ባትሪ፣ መርፌና ክር፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ ሳሙና።

ጠቅላላው ክብደት ከ6 ወይም ከ7 ኪሎ ባይበልጥ ጥሩ ነው። የጾሙንም ቀን አትርሱ። ረቡዕና ዓርብ፣ እንዲሁም ከኅዳር 15 እስከ ገና ያለው የነቢያት ጾም ከጉዞው ወራት ጋር ይገጥማል። በጾም ቀን ወተት ወይም ቅቤ መጠየቅ አስተናጋጅን ያሳቅቃል።

ሸ/ «ቤት ለእንግዳ»

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። በአገራችን የመሸበት መንገደኛ ከአጥር ውጭ ቆሞ «የመሸበት የእግዜር እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» ይላል። ከውስጥም «ቤት ለእንግዳ» ይባላል። እግሩ ይታጠባል፤ ከመደቡ ላይ ይነጠፍለታል፤ ካለው ይቀርብለታል። ከሂማልያ ሻይ ቤት በፊት፣ ከመቄት የእንግዳ ቤት በፊት ይህ ነበረን። ኩራታችን ነው፤ ይህን የሚክድ የለም።

ነገር ግን ኩራት ብቻውን ጓዳ አይሞላም። እኔ የደሃና ልጅ ነኝ፤ እንግዳ ሲመጣ ቤት ውስጥ የሚሆነውን አውቃለሁ። እናት ለሳምንት ያሰበችውን ዱቄት ታወጣለች። እንግዳው ይበላል፤ አባት አብሮ ይቆርሳል፤ ልጆች ጥግ ይዘው ይጠብቃሉ። የተረፈው ለእነሱ ነው። እንግዳው «ጠግቤያለሁ» ሲል «በሞቴ!» ተብሎ ይጎረሳል። ማንም «እህል የለንም» አይልም፤ ነውር ነዋ!

እስቲ እንቁጠረው። አራት ተጓዦች አንድ ቤት አደሩ እንበል። እያንዳንዳቸው ለእራት 3፣ ለቁርስ 2 እንጀራ ቢበሉ 5 ሲባዛ በ4 20 እንጀራ ነው። ለአንድ ቤተሰብ የብዙ ቀን ምግብ ነው። ለመጠጥ 2 ሊትር፣ ለእግርና ለእጅ መታጠቢያ 3 ሊትር ቢሆን፣ ለአንድ ሰው 5 ሊትር፣ ለአራት ሰው 20 ሊትር ውሃ ያስፈልጋል። ይህ አንድ ሙሉ ጀሪካን ነው። ጀሪካኑ በራሱ ከምንጭ አልመጣም። አንዲት ልጅ በጀርባዋ አዝላ ያመጣችው ነው። ያቺ ልጅ ደግሞ ነገ የእኛ ተማሪ ናት፤ ጠዋት አርፍዳ ብትመጣ «የት ነበርሽ?» ብለን የምንቆጣት እኛው ነን።

የዋግ ጓዳ ደግሞ ሁልጊዜ ሙሉ አይደለም። በ1966 ዓ.ም. እና በ1977 ዓ.ም. የነበረው ድርቅ በዚህ አገር ላይ ያደረሰውን ከአያቶቻችን ሰምተናል። ዛሬም ከሐምሌ እስከ መስከረም፣ አዲሱ እህል እስኪደርስ ድረስ ያለው ጊዜ የችግር ጊዜ ነው። በ2007 ዓ.ም. መንግሥት ያወጣው፣ በከተማችን ስም የሚጠራው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ዓላማው ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ድረስ ማስወገድ ነው። ለሕፃኑ የታሰበውን እንቁላል እንግዳው በልቶት ከሄደ ቃል ኪዳኑ የት ላይ ሊፈጸም ነው?

ታዲያ አንኪድ፣ አንደር ማለቴ አይደለም። በደንብ እንደር ማለቴ ነው። ይኸውም እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ ሳይነገር ድንገት አይመጣም። በገበያተኛ ወይም በስልክ ስንት ሰው እንደሆንን፣ መቼ እንደምንደርስ አስቀድመን እንልካለን።

ሁለተኛ፣ ብዙ ሆነን አንድ ቤት አንገባም። ስምንት ብንሆን ሁለት ሁለት ሆነን በአራት ቤት እንደልደላለን።

ሦስተኛ፣ ዋጋው አስቀድሞ በቀበሌው ሽማግሌዎች ወይም በኅብረቱ ይወሰናል። አባወራውን ፊት ለፊት «ስንት ልክፈል?» ብትሉት «ምን በወጣህ!» ይላችኋል፤ ሊያስከፍላችሁም አይችልም። ሽማግሌ ከወሰነው ግን ሥርዓት ነው እንጂ ውርደት አይሆንም። የመቄት ገበሬዎች ያገኙት ብልሃት ይህ ይመስለኛል። እንግዳን መቀበል አልተዉም፤ ሸክሙን ከአንዲት እናት ትከሻ አንሥተው በመንደሩ ላይ አከፋፈሉት።

አራተኛ፣ ክፍያው በተቻለ መጠን ምግቡን ላበሰለችው፣ ውሃውን ለቀዳችው እጅ ይድረስ። ገንዘብ የማይቀበሉ ቢሆኑ እንኳ ስኳር፣ ቡና፣ ሳሙና፣ ለልጆች ደብተርና እስክርቢቶ ይዞ መሄድ የቆየ ወግ ነው።

አምስተኛ፣ በችግሩ ወራት የራሳችንን ዱቄት ይዘን እንሄዳለን፤ ወይም ከናካቴው አንሄድም።

«ታዲያ ገንዘብ ከገባበት እንግዳ ተቀባይነታችን አይጠፋም ወይ?» የሚል ጓደኛ አጋጥሞኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔ ግን የሚጠፋው ባለመክፈል ይመስለኛል። ሁልጊዜ የሚሰጥ ቤት አንድ ቀን ባዶ ይሆናል፤ ያኔ ባለቤቱ ከነውሩ ሸሽቶ ውሻው ሲጮህ በሩን መዝጋት ይጀምራል። የተከፈለው ቤት ግን ለሚቀጥለው መንገደኛ፣ ምንም ለሌለው ምስኪን መንገደኛ ጭምር «ቤት ለእንግዳ» ማለት ይችላል። በእንግድነት የሚመጣው ደመወዝተኛ መምህር ከሆነ ደግሞ ከምስኪኑ ጋር እኩል ሊቆጠር አይገባውም።

ቀ/ ለመምህር የሚሆን ማሳሰቢያ

ተማሪዎችን ይዛችሁ ስትወጡ የወላጆችን ፈቃድ አስቀድማችሁ ተቀበሉ። በተማሪ ጉዞ ማደር አይኑር፤ ደርሶ መልሱ ከ10 ኪሎ ሜትር አይብለጥ። ከፊት አንድ፣ ከኋላ አንድ አዋቂ ይሁን። የእርምጃው ልክ የጎበዙ ሳይሆን የደካማው ይሁን። የቦታ ስሞችን ከአገሬው ሽማግሌዎች ጠይቃችሁ በአማርኛም በኽምጥኛም አስጽፉ። ብዙው የወንዝና የተራራ ስም በኽምጥኛ ትርጉም አለው፤ የሚያውቁት ግን አዛውንቶቹ ናቸው። ጠይቆ የጻፈ ተማሪ ለትምህርት ቤቱ ካርታ ሠራ ማለት ነው።

መልመጃ

1. አንድ ጀማሪ 12 ኪሎ ሜትር መንገድና 600 ሜትር አቀበት አለበት። ከዕረፍቱ ጋር ስንት ሰዓት ይፈጅበታል? ጠዋት 1 ሰዓት ቢነሣ ስንት ሰዓት ይደርሳል?
2. ሰቆጣ 18 ዲግሪ ሲሆን 3,200 ሜትር ላይ ስንት ዲግሪ ይሆናል?
3. ከተወለዳችሁበት ቀበሌ እስከ ወረዳው ከተማ ያለውን መንገድ በወረቀት ላይ ሣሉ። ምንጭ፣ ጥላ ያለበት ዛፍና ማደሪያ የሚገኝበትን ቦታ አመልክቱ።
4. ስድስት ሰው ሁለት ሌሊት ቢያድር ስንት እንጀራ፣ ስንት ጀሪካን ውሃ ያስፈልጋል? በሰፈራችሁ ገበያ ዋጋ ስንት ብር ይሆናል? ውጤቱን ለቀበሌያችሁ ሽማግሌዎች ብታቀርቡ ተገቢው ክፍያ ምን ያህል ይሁን ትላላችሁ?

የአራተኛውን ጥያቄ መልስ ጽፋችሁ ከዚሁ ከግድግዳው ጋዜጣ ሥር ለጥፉ። ከየወረዳው የመጣን ስለሆንን ዋጋው ይለያያል፤ እሱን አነጻጽረን በሚቀጥለው ጊዜ እንወያይበታለን።